ቀለሙ የሸሸበት

እኔ ቤት ቅባት አይገባም። የእጅ ይሁን የጸጉር፣ የከንፈር ይሁን የጫማ፣ ቅባት የተባለ ነገር ደጃፌን አያልፍም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሚስቴም አውቃ ነው የገባችበት። «የሰው ባል ቀለበት ይዞ ይመጣል፣ የእኔ ከቀለበቱ ጋር ደንብና መመሪያ ይዞ መጣ» እያለች በሰው ፊት ታሾፍብኝ ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ሥራዬ የሞተር ሳይክል አካል መቀባት ነው። ሱቅ የለኝም፣ ጋራዥ የለኝም፤ የምሠራው ከቤቴ ጀርባ ባለች፣ ድሮ ዕቃ ይታጎርባት በነበረች ክፍል ውስጥ ነው። ሰው ሰርባትዮውን፣ ማለቴ ነዳጁን የሚይዘውን የሞተሩን ሆድ፣ ወይ የተሰነጠቀ የጭቃ መከላከያውን ፈትቶ ያመጣልኛል። የድሮውን ቀለም እፍቃለሁ፣ የተጎደጎደውን በስቱኮ እሞላለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀትና በውኃ አለሰልሳለሁ፣ መሠረቱን እቀባለሁ፣ ቀለሙን ኮምፕሬሰር አየር በሚነፋበት መርጫ እረጫለሁ፣ በመጨረሻ ማብረቂያውን አለብሰዋለሁ። ያኔ ቆመህ ጢምህን ልትላጭበት ትችላለህ።

ይህን ሁሉ ልፋት ገደል የሚከተው አንድ ነገር ነው፤ ቅባት። ቅባት ያለበት ጣት ብረቱን ከነካው አንተ አታየውም፣ ቀለሙ ግን ያውቃል። ገና እንዳረፈ ከዚያች ቦታ ዙሪያውን ይሸሻል፣ ከሥር ባዶውን ትቶ። ትሞላዋለህ፣ ይሸሻል። ትደግምበታለህ፣ አሁንም ይሸሻል። ከዚያ በኋላ ያለህ ምርጫ ሁሉንም ፍቀህ ከሀ መጀመር ነው። ሕጉ የወጣው ለዚህ ነው እንጂ እኔ ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም።

ልጃችን ስትወለድ ሕጉ ትንሽ ተንገዳገደ። ሚጢ ነበር የምንላት። ጸጉሯ ጉድ ነበር፤ ማበጠሪያ ይሰብራል። ካልተቀባ እሷም ታለቅሳለች፣ እናቷም ታለቅሳለች። በመጨረሻ እናቷ መላ ዘየደች፤ ቅባቱን ከጎናችን ያሉት ልብስ ሰፊዋ ዘንድ አስቀመጠችው። ጸጉር የሚሠራበት ቀን ሲደርስ እናትና ልጅ ማበጠሪያቸውን ይዘው ወደ እትዬ ልብስ ሰፊዋ ይሻገራሉ። ሚጢ ከስፌት መኪናው አጠገብ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፣ ይቀባላታል፣ ይጎነጎንላታል፣ ከዚያ እናቷ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ የልጅቷን ጭንቅላት በሻሽ ጠቅልላ ትመልሳታለች። ሚጢ ስትመለስ የእትዬን ቁርጥራጭ ጨርቅ በኪሷ ሞልታ ነበር የምትመጣው። ለእሷ ሽርሽር ነበር።

ከዚያ ታመመች። ብዙም አልቆየች። በደሟ የገባ በሽታ ነው አሉን። ከቀለሙ ይሆን ብዬ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ይዤ ጠየቅኩት፤ «አይደለም፣ በከንቱ ራስህን አትብላ» አለኝ። ይበል እንጂ ሰው ራሱን መብላቱን መቼ ይተዋል።

ከቀብሯ ስመለስ መርጫውን ሚስማር ላይ ሰቀልኩት፣ የኋላውን ክፍል ቆለፍኩት። የሚጢም ክፍል ተዘጋ። እኔ አልገባበትም፤ እናቷም አትገባበትም ብዬ አምን ነበር። እኔና ሚስቴ አንድ ቤት የደረሳቸው ሁለት ተከራዮች ሆንን። «ምሳ ቀርቧል።» «ውኃ ጠፍቷል።» «በሩን ቆልፈኸዋል?» ከዚህ ያለፈ ቃል አልነበረንም። ስሟን የሚጠራ ጠፋ። አንድ ቀን እኔ ልጠራው አፌን ከፍቼ፣ የሚስቴን ፊት አየሁና ጨው አቀብዪኝ አልኩ። ልጄን አንዴ ቀብሬአታለሁ፤ ሚስቴ ግን ዓይኔ እያየ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሄደችብኝ ነበር። በምን እንደምይዛት አላውቅም ነበር።

ዝምታው የመጣው በዚህ መሐል ነው። ዝምታው ጓደኛዬ ነው፤ ስሙን ያወጣንለት ወሬ የሚያቆመው ሲያስነጥሰው ብቻ ስለሆነ ነው። መድኃኒት በሞተር ያመላልሳል። ሰርባትዮውን ፈትቶ፣ በጆንያ ጠቅልሎ፣ ታቅፎት ገባ።

«ይኸው። ቀይ አድርግልኝ» አለኝ።

«ሥራ አቁሜአለሁ።»

«እሱን ማን ጠየቀህ? ቀይ አድርግልኝ ነው ያልኩህ። ዝገቱን አየኸው? ፋርማሲ በር ላይ ሳቆመው ባለፋርማሲዎቹ ከእኔ በፊት ለእሱ ያዝናሉ።»

«ሌላ ቀቢ ዘንድ ውሰደው።»

«ሌላ ቀቢ ዘንድማ ብሄድ በጨዋ ደንብ ያስተናግደኛል፤ እኔ ደግሞ ካልተሰደብኩ ሥራው የተሠራልኝ አይመስለኝም።»

አልሳቅኩለትም። እሱም ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ፣ ወንድሜ። አንተ እየጠፋህ ነው። እሷም እየጠፋች ነው። ሰው በዚህ በር ሲያልፍ ባዶ ቤት ነው የሚመስለው። ቢያንስ ኮምፕሬሰርህ ይጩህ።» ሰርባትዮውን ጭኔ ላይ አስቀምጦልኝ ወጣ፤ በእግሩ ስለመጣ በእግሩ ሄደ።

እንግዲህ ምን አደርጋለሁ። የኋላውን ክፍል ከፈትኩ። ዝገቱን እየፋቅኩ ሳለ ሚስቴ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። የምወለውልባቸውን ጨርቆች የምታጥብልኝና የምታጥፍልኝ ድሮም እሷ ነበረች። ክምሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና «አጥቤአቸዋለሁ» አለችኝ። አንዲት ቃል ናት፤ ግን ስለምሳም ስለውኃም አይደለችም። ከሄደች በኋላ ብቻዬን ፈገግ አልኩ። ይህ ሰርባትዮ ካማረ ቤታችንም ይመለሳል ብዬ ከራሴ ጋር ተወራረድኩ። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። ሰው ሲቸግረው የማይወራረድበት ነገር የለም።

መሠረቱ ጥሩ ያዘ። በጨርቁ ወለወልኩት፣ ቀዩን ረጨሁ። ሸሸ።

ፋቅኩት። እንደገና አለሰለስኩ፣ እንደገና ወለወልኩ፣ እንደገና ረጨሁ። አሁንም ሸሸ፤ ያውም ሆዱ ላይ፣ ዓይን በሚያርፍበት። ደሜ ፈላ። ባልዲውን በእግሬ መታሁት፣ ውኃው ጫማዬን ሞላው። መጀመሪያ ዝምታውን ጠረጠርኩ፤ ይህ ለፍላፊ አንድ የማይረባ ነገር ቀብቶበት ይሆናል አልኩ። ቀጥሎ ኮምፕሬሰሩን ፈታሁት፣ ማጣሪያውን አጠብኩ፣ ምንም የለበትም። ከዚያ በወጥ ቤቱ ፈረድኩ፤ ጥብሳ ጥብስ ነው፣ ጭሱ ነው አልኩ። የጎረቤት ድመት ሳይቀር ተጠርጥራለች። አንዲት ድመት በዚያ ሳምንት የሰማችውን ስድብ በዕድሜዋ አትሰማም።

እራት ላይ አልቻልኩም። «በዚህ ቤት ቅባት የተቀባ ሰው አለ?» አልኩ።

«ማን አለና?» አለች ሚስቴ። «እኔና አንተ ነን።»

«አንቺስ?»

«አልተቀባሁም።» ሳህኖቹን አነሳችና ሄደች። ጸጉሯን አየሁት፤ እውነትም ደረቅ ነበር። ስለጠየቅኳት አፈርኩ። ግን አፍሬ ዝም ማለት አላውቅበትምና ከኋላዋ «ታዲያ ከሰማይ ነው የሚንጠባጠበው?» ብዬ ጮህኩ። 

ከዚያ ወዲያ በሰው መፍረድ ይቅር፣ ቀለሙ ራሱ ይመስክር አልኩ። አሮጌ የሞተር የጎን ክዳኖች ነበሩኝ፣ ባለቤቶቻቸው ጥለዋቸው የሄዱ። በቲነር ሙልጭ አድርጌ አጠብኳቸው፣ ጓንት አጥልቄ በየክፍሉ አንድ አንድ አስቀመጥኩ። ወጥ ቤት አንድ፣ ሳሎን አንድ፣ መኝታ ቤታችን አንድ። አድረው ሲነሱ እረጫቸዋለሁ፤ ቅባቱ ያለበት ክፍል የገባው ራሱን ያጋልጣል። ሚስቴ አየቻቸው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ፈተና ነው። እንዳትነኪያቸው።»

«እሺ» አለች፤ ዞር ዞር ብላ አይታቸው ወጣች።

አንድ ክዳን ተረፈኝ። ይዤው ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ከሚጢ ክፍል ቅባት ሊመጣ አይችልም፤ የሚገባበት የለም። ግን ሥራ ሲሠራ በሙሉ ነው፣ አንዱን ክፍል ዘልለህ ሌላውን መወንጀል ግፍ ነው። በሩን በእጄ ልክ ከፈትኩ። ወደ ውስጥ አላየሁም። እጄን ብቻ አስገብቼ ከበሩ ጥግ ካለችው አልጋዋ ላይ ክዳኑን አስቀመጥኩና መልሼ ዘጋሁት። ስለዚህኛው ለሚስቴ አልነገርኳትም። ምን ብዬ እነግራታለሁ?

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ጓንቴን አጥልቄ ሰበሰብኳቸው፤ የሚጢን ክፍል ክዳን እንደ ትናንቱ ወደ ውስጥ ሳላይ በዳበሳ አወጣሁት። በሽቦ አንጠልጥዬ ደረደርኳቸው፣ ቀዩን ቀለም በአንድ ትንፋሽ ረጨሁባቸው። የወጥ ቤቱ እንደ መስታወት ተኛ፤ ጥብሱን በከንቱ ነው የሰደብኩት። የሳሎኑም አማረ። የመኝታ ቤታችን ላይ እዚህም እዚያም የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ነጥብ ወጣች። ወደ መጨረሻው፣ ከሚጢ ክፍል ወደ መጣው፣ ዞርኩ።

ቀለሙ እየሸሸ ነበር። ግን ክብ ክብ አልነበረም። ወደ ብርሃኑ አዘነበልኩት። በላይ በኩል አራት ጣቶች፣ በታች በኩል አንድ አውራ ጣት፤ ሰው ክዳኑን አንስቶ ወደ ጎን ሲያደርገው የሚይዝበት አያያዝ። አራተኛዋ፣ ትንሿ ጣት፣ ወደ ውስጥ ታጥፋለች። የሚስቴ ትንሽ ጣት እንዲያ ናት፤ ከመጋባታችን በፊት የመኪና በር የመታት ጣት ናት። ክዳኑን ያነሳችው ለመቀመጫ፣ ወይ ለመተኛ፣ አልጋው ላይ ቦታ ፈልጋ ነው።

እውነቱን ልንገርህ፤ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አይደለም፣ ንዴት ነው። «አልተቀባሁም» አላለችኝም? እኔ ማጣሪያ ሳጥብ፣ ከድመት ጋር ስጣላ፣ እሷ እያወቀች ዝም አላለችም? ቀለሙ እንዳልደረቀ ክዳኑን ከነሽቦው ነጥቄ ወደ ቤት ገባሁ። ዛሬ ይለይልናል አልኩ። ወጥ ቤት የለችም። ሳሎን የለችም። የሚጢን በር ገፋሁት።

የልጅቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አፉ የተከፈተ የቅባት ዕቃ ጉልበቷ ላይ አለ። ፊቷን በሁለት መዳፏ ሸፍናለች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። አታለቅስም፤ ትተነፍሳለች። ቀስ ብላ ወደ ውስጥ ትስባለች፣ ይዛ ትቆያለች፣ ከዚያ ትለቃለች። እጇን ስታወርድ መዳፎቿ ያብረቀርቃሉ።

«ይኸው ጣትሽ» አልኩ። በቁጣ ልለው ያዘጋጀሁትን ቀስ ብዬ አልኩት፤ ክዳኑንም ወደ እሷ ዘረጋሁላት።

ክዳኑን አየችው። በራሷ ጣቶች ልክ የተከፈተውን ባዶ ቦታ ቆይታ አየችው። «እኔ ነኝ» አለች። «ሰርባትዮውንም ያበላሸሁብህ እኔ ነኝ። ጨርቆቹን ያጠፍኩት እጄን ታጥቤ ነበር። የጠራ መስሎኝ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ታስጥለኝ ነበራ።»

እንደማላስጥላት ልነግራት ፈለግኩ። ግን እሷም እኔም እንተዋወቃለን።

«እትዬ ናቸው የሰጡኝ» አለች። «ሲያዩት መሥራት አቃታቸው፣ 'የልጅሽን ዕቃ ውሰጂልኝ' አሉኝ። ምን ላድርገው? ይዤው መጣሁ። መጀመሪያ ልደብቀው ብቻ ነበር። ከዚያ የቅባቱን ዕቃ ከፈትኩት።» ትራሱን አስተካከለች፣ የሚስተካከል ነገር ሳይኖረው። «አንድ ቀን እንኳ በቤቷ ውስጥ ጸጉሯን ቀብቻት አላውቅም። ዝናብ ሲዘንብ ጃኬት ደርቤላት ነበር የማሻግራት። እሷ ትስቃለች፣ እኔም እስቃለሁ። አሁን ሳስበው እንዴት እንደሳቅኩ አይገባኝም።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ ለቁጣ መልስ አለኝ። የበላነው በቀለሙ ነው፣ ጃኬቱም የተገዛው በቀለሙ ነው። ይህን ልላት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እውነት ነው፣ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ የሚባል እውነት አልነበረም።

«ሌላውንም ልንገርህ?» አለች። «ቤቱ ሁሉ እሷን እሷን ይላል። ከዚህ ስወጣ ሽታዋ ኮሪደሩ ላይ ይከተለኛል። አልጋችን ድረስ ይመጣል። አጠገብህ እተኛና እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ዞር ብለህ 'ይሄ የሚጢ ሽታ አይደለም እንዴ?' ትለኛለህ፣ ከዚያ አብረን እናለቅሳለን እላለሁ። አንተ ግን ትተኛለህ። ዝም ስትል፣ ዝም ስትል፣ በቃ ረስቷታል አልኩ።»

 ክዳኑን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አልጋው የልጅ ነውና ጎንበስ አለብን።

«አልረሳኋትም» አልኩ።

ከዕቃው በጣቷ ጫፍ ቅባት ወሰደች። እጄን ሳበችና መዳፌ ላይ አሸችልኝ። ከጓደኛ ጋር ስጨባበጥ እንኳ ቅባት ያለበት እጅ የምሸሽ ሰው ነኝ፤ አላስለቀቅኳትም። በዚህ እጅ የዝምታው ሰርባትዮ ሰሞኑን አይደርስም። አይድረስ።

«አሽትተው» አለችኝ።

መዳፌን አፍንጫዬ ላይ አደረግኩ። እንደ እሷ ቀስ ብዬ ሳብኩ። ይዤ ቆየሁ።

«ሸተተህ?»

«አዎ» አልኩ።

ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ተፈታ። ከቀብሩ ወዲህ አይቼው የማላውቀው ፊት ነበር። ወደ እኔ ዞረች፣ ጉልበቷ ጉልበቴን ነካው። «ምን ምን ይላል?» አለችኝ፤ ልታወራ ነው፣ ስለ ልጃችን አብረን ልናወራ ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የእኔ ባዳ አፍንጫዬ ነው። ጭንብሉ ያፍነኛል እያልኩ ያለ ጭንብል የረጨሁት ዘመን ቀስ በቀስ ጨርሶታል። መጀመሪያ ሽቶ ጠፋኝ፣ ከዚያ ሳሙና፣ ከዚያ የሚቃጠል ወጥ። ቀቢ የሚያስፈልገው ዓይንና እጅ ነው፣ አፍንጫ ምን ይሠራለታል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ሚስቴ ስታበስል ሁልጊዜ «አቤት ሽታው» እላለሁ። እሷም ታምነኛለች።

«ምን ምን ይላል?» አለች እንደገና።

አንድ ነገር ብዬ ልሸውዳት እችል ነበር። ቅባት ቅባት ይላል ብል እንኳ ያልፍልኝ ነበር። አልቻልኩም።

«አይሸተኝም» አልኳት። «ምንም አይሸተኝም። አፍንጫዬ ሞቷል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሚጢ ከመወለዷ በፊት።»

መጀመሪያ የገባት አልመሰለኝም። ከዚያ ዓይኗ ፊቴ ላይ ቆመ።  «ስትወለድ… ስትታቀፋት… አንድም ቀን?»

«አንድም ቀን።»

ሚጢን አንገቷ ሥር አፍንጫዬን ወሽቄ እያሳሳቅኳት ስጫወት ያየችኝን ሁሉ እያስታወሰች ይመስለኛል። እኔም እያስታወስኩ ነበር። ልጅቷ «አባዬ ጢምህ!» እያለች ትንፈራገጥ ነበር። ጢሜ ነው የደረሳት፤ እኔ ጋ የደረሰ ነገር አልነበረም።

ሚስቴ አለቀሰች። እጄን ግን አልለቀቀችም። ቆይታ በክንዷ ፊቷን ጠረገች፣ መዳፌን አንስታ ወደ ራሷ አፍንጫ አስጠጋችው፣ ዓይኗን ጨፈነች።

«መጀመሪያ ኮኮናት ይላል» አለች። «ያ ቅባቱ ነው። ከሥሩ ፀሐይ ላይ የዋለ ትራስ አለ። እሱ እሷ ናት። ሮጣ ስትመጣ ደግሞ ከግንባሯ ላይ ጎምዘዝ ይላል፣ ያልበሰለ ፍሬ እንደነከስክ…»

«ስትተኛስ?»

«ስትተኛ ወተት ወተት ትላለች። ትልቅ ልጅ ሆና እንኳ ወተት ወተት ትል ነበር። ከጆሮዋ ኋላ ነው የሚብሰው።»

በእጄ ያሳደግኳትን ልጅ ጠረን እንደ ማንም እንግዳ ሰው በወሬ እየሰማሁ ነው። ሚስቴ ለመቀጠል አፏን ስትከፍት ክንዷን ያዝኳት።

«ቀስ እያልሽ» አልኳት። «ምንም እንዳትዘይብኝ።»